ለምርመራው ክፈሉ፣ ኮዱን በወረቀት ተቀበሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ጎንደር አዘዞ መንገድ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ስራ የምሰራ ሰው ነኝ። ስለ ትራፊክ አደጋ ይጻፋል፣ ስለ ታክሲ ታሪፍ ይጻፋል፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍም ይጻፋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ዳሽቦርድ ላይ የሞተር ስዕል ይዛ ቢጫ ስለምትበራው፣ ቼክ ኢንጂን ስለምንላት መብራት ማንም ሲጽፍ አላየሁም። በዚች መብራት ምክንያት የከተማችን ሰው ስንት ብር ያላግባብ እንደሚያወጣ በየቀኑ ስለማይ ነው ዛሬ ለመጻፍ የተነሳሁት። ረዘም ይላል፣ ቦታ ካላችሁ ሳትቆርጡ አውጡልኝ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰውዬው መብራቷ በራችበት፣ ጋራዥ ሄደ፣ ልጁ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሳሪያ) ሰካ፣ ስክሪኑ ላይ ኦክስጅን ሴንሰር የሚል አየ፣ በቃ ሴንሰሩ ይቀየር ተባለ፣ ሰውዬው ፒያሳ ፈልጎ ሲያጣ ከአዲስ አበባ አስልኮ በብዙ ሺ ብር ገዛ፣ ተገጠመ፣ ኮዱ (ኮምፒውተሩ የመዘገበው የጥፋት ቁጥር) ተሰረዘ፣ መብራቷ ጠፋች፣ ተመሰጋግነው ተለያዩ። ከዛ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ጎሃ በሚወስደው ዳገት ላይ እንደገና በራች። ሌላ ጋራዥ፣ ሌላ እቃ፣ ሌላ ወጪ። መጨረሻ ላይ ሰውዬው ይሰለችና "የዚች መኪና ጠባይዋ ነው" ብሎ እያበራች ይነዳታል፣ ወይ ደሞ መብራቷን አስነቅሎ ለማያውቅ ሰው ይሸጣታል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው መሀል ላይ መሰራት የነበረበት አንድ ስራ ስላልተሰራ ነው፣ እሱም ምርመራ ነው።

መብራቷን የሚያበራት የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ስንት አየር እንደገባ፣ የሞተሩ ውሀ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ በጭስ ማውጫው በኩል ስንት ኦክስጅን ሳይቃጠል እንደወጣ በየሴንሰሩ እየለካ ቤንዚኑን ይመጥናል። ከጠበቀው ውጪ የሆነ ነገር ሲያይ ኮድ ይመዘግባል፣ አብዛኛዎቹን ጥፋቶች ደሞ በተከታታይ ሁለት ጉዞ ላይ ካላያቸው መብራቷን አያበራም፣ ለዛ ነው ኮድ ተሰርዞ ከጋራዥ የወጣች መኪና እዛው በሩ ላይ ሳይሆን ሲቆይ የምታበራው። ይሄን አሰራር ኦቢዲ 2 ይሉታል፣ አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም የቤት መኪና ላይ ግዴታ አደረገችው፣ አውሮፓ ለቤንዚን መኪና ከ2001 (በነሱ አቆጣጠር)፣ ዋናው አላማውም የጭስ ብክለትን መቆጣጠር ነበር። ስለዚ ኮዱ የሚነግረን የትኛው ንባብ እንደተዛባ ነው፣ ለምን እንደተዛባ ግን ገና አልታወቀም። ከመተማ በትኩሳት ለመጣ ሰው ሁሉ ደሙን ሳያዩ የወባ መድሀኒት አይሰጥም አይደል፣ ወባ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ላብራቶሪው ነው የሚለየው። መኪና ላይ ግን ላብራቶሪውን ዘለነዋል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በጡረታ ላይ ያሉ አንዲት መምህርት ያሪስ ይዘው መጡ፣ ኮዱ ፒ0171 ነው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባው ድብልቅ አየር በዝቶበታል ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ሌላ ቦታ የፊቱን ኦክስጅን ሴንሰር ቀይረውላቸዋል፣ ከዛ የአየር መለኪያውን ሴንሰር ከፈረሰ መኪና አምጥተው ቀይረውላቸዋል፣ አሁን ደሞ የነዳጅ ፓምፕ ተብለው "ልጄ እኔ የጡረታ ሰው ነኝ ከየት አምጥቼ ነው" እያሉ ነበር። "እትዬ ምንም አይግዙ፣ መጀመሪያ እንየው" አልኳቸው። ስካነሩ ላይ ኮዱን ብቻ ሳይሆን በቀጥታ የሚለዋወጠውን ቁጥር ማየት ይቻላል፣ ከነሱ ውስጥ አንዱ ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ላይ ስንት ፐርሰንት ቤንዚን እየጨመረ ወይ እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳየው ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ ይሄ ቁጥር ዜሮ አካባቢ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ አምስት ስድስት ወዲህ ወዲያ ቢል ችግር የለውም። የሳቸው መኪና በሚኒሞ፣ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሰራ፣ ከ20 ፐርሰንት በላይ እየጨመረ ነው፣ ነዳጅ ረግጬ ዙሩን ወደ 2500 ሳደርሰው ግን ቁጥሩ ወርዶ ወደ መደበኛው ተጠጋ። ይሄ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በሚኒሞ ብሶ በዙር የሚሻል ከሆነ በአንድ ቦታ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ቀዳዳው የሚያስገባው አየር በሚኒሞ ጊዜ ከጠቅላላው አየር ትልቅ ድርሻ ይይዛል፣ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ግን ድርሻው ያንሳል። ተቃራኒው ቢሆን፣ ማለት በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዙርና ጭነት ሲጨምር የሚብስ ቢሆን፣ ያኔ የነዳጅ ፓምፕ ወይ የነዳጅ ፊልትሮ ወይ የአየር መለኪያው መቆሸሽ ይጠረጠር ነበር። ከዛ ከስሮትሉ (ከአየር በሩ) በኋላ ከሞተሩ አየር ማስገቢያ ጋር የተያያዘውን የጎማ ቱቦ አውልቄ እጥፋቱን በእጄ ስዘረጋው ከስር በኩል ተሰንጥቋል፣ ከላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ችግሩ ያ ቱቦ ነበር። ሁለቱም ሴንሰሮች ጤነኛ ነበሩ፣ እንደውም ኦክስጅን ሴንሰሩ ስራውን በትክክል እየሰራ፣ ቤንዚን አንሷል ብሎ እውነቱን እየተናገረ ነው አውጥተው የጣሉት።

ይሄን ያነሳሁት እነዛን ልጆች ለመክሰስ አይደለም። ብዙዎቹ ታታሪ ልጆች ናቸው፣ ስካነር ገዝተው ራሳቸውን እያስተማሩ ነው የሚሰሩት። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ባለመኪናው ራሱ ማወቅ ያለበትን ልበል። መብራቷ ብልጭ ድርግም ሳትል ረግታ ከበራችና መኪናው እንደወትሮው ከሄደ መደንገጥ አያስፈልግም፣ ቤትህ ድረስ ትነዳለህ፣ በቀጣዮቹ ቀናት ታስመረምራለህ። ብልጭ ድርግም እያለች ከሆነ ግን ሌላ ነው። ይሄ ማለት ሞተሩ እየነጠቀ ነው፣ አንዱ ሲሊንደር ቤንዚኑን ሳያቃጥል ወደ ጭስ ማውጫው እየላከው ነው፣ ያ ጥሬ ቤንዚን ካታሊስቱ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ውስጥ ገብቶ እዛ ይቃጠላል፣ ካታሊስቱ ከመጠን በላይ ግሎ ውስጡ ሊቀልጥ ይችላል። ያን ጊዜ እግርህን ከነዳጅ ላይ አንሳ፣ ጥግ ያዝ፣ አጥፋ። ጥግ ስትይዝ ደሞ ደረቅ ሳር ላይ አትቁም፣ በተለይ ከህዳር በኋላ በመተማና በሁመራ መስመር ዳር ዳሩ ሁሉ ደረቅ ሳርና አገዳ ነው፣ የጋለ ካታሊስት ከስር እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቀይ መብራት ከሆነ፣ የዘይት ወይ የሙቀት፣ እሱ ቼክ ኢንጂን አይደለም፣ እዛው ወዲያው ማጥፋት ነው፣ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው የምለው።

መንጠቅን ካነሳሁ አይቀር፣ ኮዱ ፒ0301 ከሆነ አንደኛው ሲሊንደር ነው፣ ፒ0302 ሁለተኛው፣ እንደዛ እያለ ይቀጥላል፣ ፒ0300 ከሆነ ደሞ አንድ ቦታ ያልረጋ ነው። እዚህ ላይ ምንም ሳይገዛ የሚሰራ ምርመራ አለ። የአንደኛውን ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ከሁለተኛው ጋር ታቀያይረዋለህ፣ ኮዱን ሰርዘህ ትነዳዋለህ፣ ኮዱ ወደ ፒ0302 ከሄደ ጥፋቱ ኮይሉ ነው፣ እዛው አንደኛው ላይ ከቀረ ኮይሉ ነጻ ነው፣ ካንዴላውን እንደዛው ታቀያይራለህ፣ ቀጥሎ ቤንዚን የሚረጨውን ኖዝል፣ በመጨረሻ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) ትለካለህ። ኮይሉን ማቀያየር ግማሽ ሰአት የማይሞላ ስራ ነው። ሳይሰሩት አራት ኮይል አንድ ላይ ግዛ የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ አራት ኮይል!

ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን ከመንገድ ዳር የሚገዛው ቤንዚንም አለ። ውሀ ወይ ኬሮሲን ከገባበት ሞተሩ ይነጥቃል መብራቷም ትበራለች፣ ከዛ ሰው ወደ ጋራዥ ሮጦ ካንዴላ ያስቀይራል። ቼክ ኢንጂን ከመብራቷ በፊት ነዳጅ ከየት እንደቀዳህ ለመካኒኩ ንገረው፣ አትደብቀው፣ ተቸግረህ ነው የገዛኸው፣ ማንም አይፈርድብህም።

እዚህ ጎንደር ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር "ከፍታ ስለሆነ ነው የሚበራው" የሚል ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ትበልጣለች፣ አየሩ ከባህር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ሞተርም ጉልበት ይቀንሳል። በካርቡሬተር ዘመን፣ ያኔ እነ ላዳና እነ ፊያት በነበሩ ጊዜ፣ ከቆላ ደጋ ሲወጣ ድብልቁ ስለሚዛባ ካርቡሬተሩን ማስተካከል ግድ ነበር። ኢንጀክሽን መኪና (ቤንዚኑን ኮምፒውተር የሚመጥንለት) ግን አየሩን ራሱ እየለካ ቤንዚኑን ይቀንሳል፣ ከመተማ ቆላ ተነስቶ ጎንደር ቢገባ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ደባርቅ ቢያልፍ ራሱን እያስተካከለ ነው የሚሄደው። ስለዚ ከፍታ ጤነኛ መኪና ላይ መብራት አያበራም። ከፍታ ነው ብሎ የሚመልስህ ሰው ምርመራውን ሊዘልብህ ነው።

ከፍታው የሚያመጣው ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ደሞ ማንም አያነሳውም። በዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ውሀ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተር ደሞ ስራው ላይ ሲሆን እዛው አካባቢ ነው የሚሞቀው፣ እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚያቆየው ግፊትና ኮላንቱ (የራዲያተሩ ፈሳሽ) ነው። ክዳኑ ጎማው ሲያረጅ ወይ ሰው በኮላንት ፈንታ የቧንቧ ውሀ ሲሞላ መኪናው ዳገት ላይ ይፈላል፣ ያኔ መካኒኩ ምን ያደርጋል፣ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሀውን ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘውን) አውልቆ ይጥለዋል። "ለኛ አገር አያስፈልግም" ይልሀል። ለሙቀቱ ለጊዜው የተሻለ ይመስላል። ግን ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፣ በተለይ የጎንደር ጠዋት ብርድ ላይ፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ፍጆታ ይወጣል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ከዛ ፒ0128 የሚል ኮድ ይመጣል፣ ሞተሩ መድረስ ያለበት ሙቀት ላይ አልደረሰም ማለት ነው። ከዛ ያንን ኮድ ያየ ሌላ ልጅ የሙቀት ሴንሰር ይቀየር ይላል። ሴንሰሩ ምን አጠፋ? ከአመታት በፊት የተጣለ ቴርሞስታት ነው እኮ ነገሩ። ክዳንና ኮላንት ቀይሮ ቴርሞስታቱን መመለስ ነበር መፍትሄው።

ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ምክር ሁሉም ለኛ አይሰራም። ብዙ ሰው "የነዳጅ ክዳኑን አጥብቄ አሰርኩት አልጠፋም" እያለ ይመጣል። ያ ምክር በአብዛኛው የአሜሪካ ነው፣ እዛ የሚሸጡ መኪኖች የቤንዚን ትነት ከታንከሩ ሲያመልጥ የሚፈትሽ ሲስተም አላቸው፣ ክዳን ሲላላ ፒ0455 ወይ ፒ0457 ይመጣል። የአውሮፓ ህግ ያንን የማፍሰስ ፍተሻ አያስገድድም፣ እኛ ጋ ያሉት ቪትዝና መሰሎቹ፣ ለጃፓን ገበያ የተሰሩት፣ ብዙዎቹ ያ ፍተሻ የላቸውም። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ካለህ ግን ክዳኑን መጀመሪያ እይ። እንደዚሁ በስልክ የሚሰራው ርካሽ ብሉቱዝ መሰኪያ ለጃፓን ገበያ የተሰሩ ቆየት ያሉ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ አልገናኝም ይላል፣ ሶኬቱ ያው ባለ 16 ቀዳዳው ነው ግን ቋንቋቸው ይለያያል፣ ይሄን ያላወቀ ሰው ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ተብሎ እንዳይደነግጥ። አዲስ መኪና ላይ ግን ያ መሰኪያ ጥሩ ነው፣ ከመሪው ስር ትሰካዋለህ፣ ኮዱን ራስህ ታነባለህ፣ ጋራዥ ከመሄድህ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አንሳው።

ፒ0420 የሚለው ኮድ ላይ ግን ልቤ ያዝናል። ካታሊስቱ ስራው ቀንሷል ማለት ነው፣ ኮምፒውተሩ ከካታሊስቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለት ኦክስጅን ሴንሰሮች አወዳድሮ ነው የሚያውቀው። እዚህ ያለው ልማድ ካታሊስቱን በብየዳ ቆርጦ ውስጡን በፌሮ ማርገፍ ነው። ውስጡ ያለው ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነው፣ ዋጋ ያለው ነገር ነው፣ ባለቤቱ ቆሻሻ ተራግፎልኛል ብሎ ሲሄድ ያ ርጋፊ ይሸጣል። መብራቷም አትጠፋም፣ ምክንያቱም አሁን ጭራሽ የሚያጣራ ነገር የለም፣ ከዛ የኋላው ሴንሰር ላይ ኮምፒውተሩን የሚያታልል ማራዘሚያ ይገጥሙበታል። ካታሊስት ደሞ ብዙ ጊዜ በራሱ አይሞትም፣ በአብዛኛው ሞተሩ ዘይት ከበላ ወይ ለረጅም ጊዜ ከነጠቀ ነው ቶሎ የሚሞተው፣ አንዳንዴም ካታሊስቱ ምንም ሳይሆን የጭስ ማውጫው ሴንሰሩ አጠገብ ተቀዶ አየር ስለሚስብ ነው ኮዱ የሚመጣው፣ ያ በብየዳ ይዘጋል። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ልጆቻችን በእግራቸው ዳገቱን ሲወጡ የዚያን ሁሉ መኪና ጭስ ነው የሚስቡት። እኔ ጋ ካታሊስት አርግፍልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው እምቢ ብዬ እመልሳለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ግን ሌላ ቦታ ሂድ እለዋለሁ።

ሽቦና ባትሪም አለ፣ በአጭሩ። ግቢ ውስጥ ብዙ ቀን የቆመ መኪና አይጥ ሽቦውን ይበላዋል፣ ኮዱ የሴንሰር ስም ይዞ ይመጣል፣ ጥፋቱ ግን ሽቦው ነው። በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ሴንሰሩ ሶኬት ላይ የሚገባው ቮልት፣ ብዙ ሴንሰሮች ላይ 5 ቮልት፣ መድረሱን ሳያይ ሴንሰር የሚቀይር ሰው ስራውን አልጀመረም። ባትሪ ሲደክምም ግንኙነት የሌላቸው ብዙ ኮዶች በአንዴ ይዘንባሉ፣ ሞተሩ እየሰራ ባትሪው ላይ 13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ካልተነበበ መጀመሪያ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ይታይ። አቧራውም፣ በተለይ የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ በነበረባቸው መንገዶች፣ የአየር ፊልትሮውን ቶሎ ነው የሚደፍነው፣ የአየር መለኪያውን ሴንሰር ግን በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አታስጠቡት፣ ሽቦዋ እንደ ጸጉር የቀጠነች ናት፣ ለሷ የተሰራ ስፕሬይ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለምንድነው ምርመራ የሚዘለለው? ሰው ለምርመራ ስለማይከፍል ነው። ይሄን በግልጽ መነጋገር አለብን። ቱቦ የተሰነጠቀበትን ለማግኘት አንድ ሰአት ከፈጀብኝ፣ ባለመኪናው "ምን ቀየርክና ነው" ይለኛል። እቃ ሲቀየር ግን ይከፍላል፣ መካኒኩም ከእቃው ላይ የራሱን ያገኛል። ስለዚ ልጁ ቢፈልግም ባይፈልግም እቃ መሸጥ አለበት፣ ቤተሰብ አለው፣ የሱቅ ኪራይ አለበት። ለሀኪም ካርድ አውጥተን ላብራቶሪ ከፍለን ምንም በሽታ የለብህም ስንባል እግዚአብሄር ይመስገን ብለን ነው የምንወጣው፣ ለመካኒክ ግን እቃ ያልቀየረበት ሰአት ስራ አይመስለንም። ለምርመራው ራሱን ችሎ የሚከፈል ዋጋ ይኑር፣ ጋራዦችም ግድግዳቸው ላይ ይለጥፉት። ያኔ ነው መካኒኩ ረጋ ብሎ የሚፈልገው።

ከፋዩም በምትኩ ወረቀት መቀበል አለበት። ወረቀቱ ላይ ኮዱ ከመሰረዙ በፊት ቁጥሩ ይጻፍ፣ ኮምፒውተሩ ኮዱን በመዘገበባት ቅጽበት ያስቀመጠው መረጃ ይጻፍ፣ ማለትም ሞተሩ ስንት ዙር ላይ ነበር፣ ፍጥነቱ ስንት፣ ሙቀቱ ስንት፣ ቤንዚን ስንት ፐርሰንት እየጨመረ ነበር። ይሄ መረጃ ኮዱ ሲሰረዝ አብሮ ይጠፋል፣ ባትሪ ነቅሎ መሰካትም ብዙ መኪና ላይ ያጠፋዋል፣ ብዙ ጊዜ ደንበኛ እኔ ጋ ሲመጣ ሶስት ቦታ ተሰርዞ ስለሚመጣ ጥፋቱ ዳገት ላይ ይሁን ቆሞ እያለ ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም፣ እንደ አዲስ መብራቷ እስክትበራ መጠበቅ ነው። ምን እንደተለካና ምን እንደተገኘም ይጻፍ። የወጣው አሮጌ እቃ ለባለቤቱ ይመለስ።

መኪና ገዢዎችም ይሄንን ያዙ። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እዚሁ ያለው መኪና ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው፣ መብራት መደበቅም እየበዛ ነው። ደላላው ሞተሩን አስነስቶ ከመጠበቁ በፊት ራስህ ቁልፉን አዙረው ሳታስነሳ ዳሽቦርዱን እይ። ቼክ ኢንጂን ያኔ ልትበራ ይገባል፣ ሲነሳ ነው የምትጠፋው። ቁልፍ ሲዞር ካልበራች አምፖሏ ተነቅሏል ወይ ተሸፍኗል ወይ ተቃጥሏል። በርታ ከጠፋች ደሞ ስካነር ሰክተህ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ጨርሶ እንደሆነ እይ፣ ኮድ በቅርብ የተሰረዘበት መኪና ላይ ፍተሻዎቹ አልተጠናቀቁም ይላል፣ ብዙ መኪኖች ላይ እንደውም ኮድ ከተሰረዘ ስንት ኪሎሜትር እንደተነዳ ይነበባል። ትላንት ተሰርዞ ዛሬ ለሽያጭ የቀረበን መኪና አዘዞ ድረስ ደርሰህ ተመልሰህ አትግዛ፣ ባህር ዳር ደርሶ መመለስ የሚያህል ይነዳና እንደገና ይታይ፣ ሻጩ እምቢ ካለ ተወው።

የሚመለከታቸው አካላትም አመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ላይ ቁልፍ ሲዞር ቼክ ኢንጂን መብራቷን፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋቷን አይተው ቢያሳልፉ ትልቅ ነገር ነው፣ ምንም ማሽን አይጠይቅም። የፖሊቴክኒክ ኮሌጆቻችንም ልጆቹን ሴንሰር መፍታትና መግጠም ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን ማንበብ፣ ሽቦ መለካት፣ ሆን ተብሎ የተበላሸ መኪና ላይ ጥፋት መፈለግ ቢያለማምዷቸው፣ እኔ በሙያዬ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይሄን ስነግራቸው "ኮዱን ጽፈን ከሰጠነው ደንበኛው ወረቀቱን ይዞ ሌላ ጋ ይሄዳል" ይሉኛል። ይሂድ። የምርመራውን ከፍሎ እስከሄደ ድረስ የሰራንበትን አግኝተናል፣ ወረቀቱን የሚቀበለው ሌላው መካኒክም ከዜሮ አይጀምርም፣ ነገ ደሞ ከሱ ጋ የተጻፈ ወረቀት ይዞ እኛ ጋ የሚመጣ አለ። እኔ የምጠቀምበትን ቅጽ ማንኛውም ጋራዥ መጥቶ ኮፒ ማድረግ ይችላል፣ ክፍያ የለውም።

ከአክብሮት ጋር
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ
አዘዞ፣ ጎንደር